ለተጎዳ ፊት የትኛው ጥገና ይሻላል? ከወሎ ለሚነሱ ታካሚዎችና አስታማሚዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ፊቱ የተጎዳ ሰው ደሴ ወይም ወልድያ ታይቶ፣ ሪፈሩን ይዞ ሲወጣ ራሱ ላይ የሚዞረው ምክር ብዙ ነው። አንዱ ሐኪም «ከጭንህ ቆዳ ወስደን እንተክላለን» ብሎታል። ሌላው «ከግንባርህ አዙረን አፍንጫ እንሠራልሃለን» ብሎታል። ጎረቤት «ዝም ብለህ ጠብቅ፣ ጠባሳ በጊዜ ይጠፋል» ይለዋል። ስልክ የማይለቀው የአክስት ልጅ ደግሞ ውጭ አገር የሌላ ሰው ፊት የተተከለለትን ሰውዬ ቪዲዮ እያሳየ ያደናግረዋል። እዚህ እነዚህን አማራጮች ጎን ለጎን አቁሜ አያቸዋለሁ። ሐኪሙ የሚለውን የሚሽር ነገር የለበትም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ ግን ያሳውቃችኋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በፊት ጥገና ትልቁ ኦፕራሲዮን ሁሌ ምርጡ አይሆንም። እኔ የምመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ የጠፋው አካል ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚመልሰው የትኛው ነው? ከዚያ በኋላ የሚጠይቀውን ክትትልስ ከምትኖሩበት ቀበሌ እየተመላለሳችሁ ትችሉታላችሁ?

የጠፋው አካል ሥራው ምን ነበር?

ፊት ላይ ትርፍ ነገር የለም። የዓይን ቆብ በተርገበገበ ቁጥር እንባን ዓይን ላይ ያዳርሳል። በቃጠሎ ጠባሳ ተጎትቶ የተገለበጠ ቆብ፣ ወይም በሥጋ ደዌ ነርቩ ተጎድቶ የማይከደን ቆብ ዓይንን ያደርቃል፤ የዓይን መስታወቱ ይቆስላል፣ ካልተደረሰለትም ሰውየው ይታወራል። ስለዚህ አንድ ሰው አፍንጫውም ከንፈሩም ቆቡም ተጎድቶ ከሆነ፣ ቆቡ ወረፋ ይቀድማል። አፍንጫ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። የማይከደን ዓይን ግን ቀጠሮ እስኪደርስ እንኳ ቅባት እየተቀባ፣ ማታ እየተሸፈነ ነው የሚቆየው።

ከንፈር ምራቅና ሾርባ ይይዛል። ሁለቱ ከንፈሮች ካልገጠሙ «መ»፣ «በ» እና «ፐ» ጥርት ብለው አይወጡም፤ ልጅ «እማማ» ማለት ያቅተዋል። ላንቃ አፍንና አፍንጫን ይለያል፤ ሲሰነጠቅ የጠጡት ወተት በአፍንጫ ይመለሳል፣ ንግግሩም በአፍንጫ ይወጣል። አፍንጫ የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል፤ የደላንታንና የመቄትን ጠዋት ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጆሮ ቅርጽ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ያግዛል፣ መነጽርም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቅንድብ ላብ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይመልሳል።

መልክስ? «ለመልኳ ብላ ነው» እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች ያበሳጩኛል። ወሎ ውስጥ ቡና የሚጠጣው ተጠራርቶ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ፊት ለፊት ተያይቶ ነው። ፊቷን በነጠላ ሸፍና ጓዳ የቀረች ሴት የቀረባት ስኒው አይደለም፤ ወሬው፣ ዕድሩ፣ የልጆቿ ጋብቻ ሁሉ የሚመከረው እዚያው ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ መውጣት ያቆመ ነጋዴ ደግሞ ያጣው እንጀራውን ነው። ፊት ሰው ሰውን የሚለይበት፣ መቆጣትና መሳቅ የሚነበብበት ቦታ ስለሆነ «ከሰው መቀላቀል» ራሱን የቻለ ሥራው ነው።

ያም ሆኖ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «እንዲያምርልኝ» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። «ስጠጣ እንዳይፈስብኝ፣ ዓይኔ እንዲከደንልኝ፣ ከሰው ጋር እንድበላ» በሉ። ሰርጅኑ የሚመርጠው ኦፕራሲዮን ከዚህ መልስ ይነሳል። ሌላም ጥቅም አለው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለውበት የሚደረግን ቀዶ ሕክምና ስለማይሸፍን፣ የተጎዳው የአካሉ ሥራ መሆኑ ሪፈሩ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ይበጃችኋል።

መጀመሪያ በሽታው ቆሟል ወይ?

ቆዳ ይተከል ወይስ ይዙር ብሎ ከመምረጥ በፊት ይህ ይቀድማል። በደጋማው ወሎ የብዙ ልጆችን አፍንጫና ጉንጭ የሚያበላሸው ቁንጭር ነው። አሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ተናካሽ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ቁስሉ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ቁንጭሩ ገና ንቁ እያለ የሚደረግ የፊት ጥገና ገንዘብም ቆዳም ማባከን ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ በሽታና በሥጋ ደዌ ሕክምና የቆየ ስም አለው፤ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ወስደው ያረጋግጣሉ፣ መድኃኒቱም ይሰጣል። በብረት መተኮስና በሚያቃጥል ቅጠል ማሸት ግን ቁንጭሩ ራሱ ከሚተወው የባሰ ጠባሳ ያተርፋል። ኋላ ሰርጅኑ የሚታገለውም ከዚያ ጠባሳ ጋር ነው።

ሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ የወደቀው አፍንጫና የማይከደነው ቆብ የሚስተካከለው በሽታው ከተያዘ በኋላ ነው። የዓይን ጥበቃው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ኖማ የተባለውን ፊት የሚበላ በሽታ ትኩረት የተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ ገና ያገገሙ ልጆችን ይይዛል። ከድድ ቁስል ይነሳና በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል። የድድ ቁስል ላይ እያለ አንቲባዮቲክ፣ አፍ ማጠብና ጥሩ ምግብ ይመልሰዋል፤ የልጁ አፍ መሽተትና መድማት ከጀመረ ነገ ዛሬ ሳይባል ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ካለፈ በኋላ ግን ጥገናው አይቸኮልም። ልጁ ይመገባል፣ ጠባሳው ይረጋል፤ መንጋጋው ተቆልፎ ከሆነ ያንን መፍታት ከጉንጩ ጥገና ጋር አብሮ ይታቀዳል።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ሌላ ጉዳይ አለ፤ የሚጥል በሽታ። እሳት ዳር ወድቀው ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች በገጠር ጥቂት አይደሉም። የሚጥለው ሳይያዝ ፊቱ ቢጠገን ያው ምድጃ ይጠብቀዋል። በየቀኑ የሚወሰደው ክኒን እዚሁ በመንግሥት ጤና ተቋም ይገኛል፤ ከኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ በፊት እሱ ይስተካከል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በጥይትና በፍንጣሪ መንጋጋቸው የተሰበረ ሰዎች ደግሞ ቅድሚያ የሚሹት የአጥንቱን መያያዝና የጥርሱን መግጠም ነው። አጥንት ሳይቃና የተሰፋ ቆዳ ጠባሳው ሲኮማተር ፊትን አጣሞ ያስቀራል።

ቆዳ መትከል ወይስ ፍላፕ?

ዋናው ንጽጽር ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ቆዳ መትከል፣ ሐኪሞቹ ግራፍት የሚሉት፣ ከሌላ ቦታ የተላጠ ቆዳን የራሱ ደም ሥር ሳይኖረው አምጥቶ ቁስል ላይ ማንጠፍ ነው። ከታች ካለው ሥጋ ደም እስኪያገኝ ድረስ ቀናት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ቀናት ከተንሸራተተ ወይም ከሥሩ ደም ከቋጠረ ይሞታል። ፍላፕ ደግሞ ችግኝን ከነአፈሩ እንደማዛወር ነው፤ ቆዳው ከሥሩ ካለው ስብና አንዳንዴም ከጡንቻው ጋር፣ የደም ሥሩ ሳይቆረጥ ዞሮ ይመጣል።

ግራፍቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ስሱ ብዙ ጊዜ ከጭን ይላጣል፤ ሰፊ ቃጠሎ ይሸፍናል፣ የተላጠበት ቦታም በሁለት ሳምንት አካባቢ ራሱን ይጠግናል። ጉድለቱ በጣም መኮማተሩ ነው፤ ቀለሙም በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ከአካባቢው ጠቆር ብሎ ሊቀር ይችላል። ሙሉ ውፍረት ያለው ከጆሮ ጀርባ ወይም ከአንገት አጥንት በላይ ይወሰዳል፤ ቀለሙ ለፊት ይቀርባል፣ የሚኮማተረውም ያነሰ ነው፣ ነገር ግን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ለተገለበጠ የታችኛው ቆብ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ስሱን ከጭን አምጥቶ ታችኛው ቆብ ላይ ማድረግ ከዓመት በኋላ ያንኑ መገልበጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ሐኪሙ «ስሱን» ካላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሽፋኑ የተገፈፈ ባዶ አጥንትና ባዶ ልም አጥንት (እንደ ጆሮ ያለው ለስላሳ አጥንት) ግራፍት አይቀበሉም፤ ላያቸው ላይ ግራፍቱን የሚመግብ በቂ ደም የለምና። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያለ ፍላፕ አይሸፈንም።

ለከንፈር ሕጉ ቀለል ይላል። ከከንፈሩ ሲሶው ወይም ከዚያ በታች የጎደለ ከሆነ ግራና ቀኙን አቀራርቦ መስፋት ይበቃል፤ ከጭንም ከግንባርም ምንም ማምጣት አያሻም። ከዚያ ሲሰፋ ከሌላኛው ከንፈር ይበደራሉ። የላይኛውና የታችኛው ከንፈር በአንድ ቀጭን ድልድይ ተያይዘው ለሁለት ሦስት ሳምንት ይቆዩና ይለያያሉ። እስከዚያ ምግቡ በስትሮ የሚጠጣ አጥሚት፣ ወተትና ሾርባ ነው። ያስቸግራል። ይሁንና ከንፈርን በከንፈር የሚተካ፣ ቀይ ጠርዙንም ይዞ የሚመጣ ሌላ ሥጋ ሰውነት ላይ የለም።

አፍንጫ፦ የግንባሩ ፍላፕ በቅርበት

አፍንጫ ሦስት ሽፋን አለው፤ የውስጥ ልባስ፣ መሐል ልም አጥንት፣ የውጭ ቆዳ። ከሦስቱ አንዱ ቢቀር ጥገናው ሲውል ሲያድር ይሰምጣል ወይም ቀዳዳው ይጠባል። ስለዚህ «ቆዳ ብቻ እንተክልልሃለን» የሚል መፍትሔ የሚበቃው ጉዳቱ ላይ ላዩን ከሆነ ነው። ሙሉው ከተበላ ልባሱ ከአካባቢው ይገለበጣል፣ ድጋፉ ከጎድን ወይም ከጆሮ ልም አጥንት ይጠረባል፣ ሽፋኑ ከግንባር ይዞራል።

ይህ ዘዴ የፈረንጅ ግኝት አይደለም። ሕንዶች ለተቆረጠ አፍንጫ ለብዙ ዘመን ይሠሩበት ነበር፤ አውሮፓ በሰፊው የሰማችው በ1794 እ.ኤ.አ. የለንደን መጽሔት አንድን የሕንድ ታካሚ ከነሥዕሉ ካወጣ በኋላ ነው። ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርጅኑ ሃሮልድ ጊሊስ እንግሊዝ አገር ሲድካፕ ላይ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ወታደሮች ፊት ሲጠግን ፍላፕን ወደ ዘመናዊ ሙያነት አሳደገው። ዛሬም ለአፍንጫ ከግንባር የተሻለ የቀለምና የውፍረት ተዛማጅ አልተገኘም።

ታካሚው የሚያየው ግን ሌላ ነው። የግንባሩ ቆዳ ቁልቁል ተዘቅዝቆ አፍንጫ ላይ ሲሰፋ፣ ደም የሚያመጣለት ግንድ ከቅንድብ መሐል ወደ አፍንጫ እንደተዘረጋ ለሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ያየ ሁሉ ይደነግጣል። አንዲት የአምባሰል እናት ፋሻው ሲነሳ መስታወት አንስተው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ነው የጠገናችሁኝ? ከቁስሉ ባሰ እኮ!» አሉ። ሐኪሙም «እማማ፣ ይሄ ግንዱ ነው፤ እስኪጸና ነው እንጂ ይቆረጣል» ብሎ እጃቸውን ያዘ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ግማሽ ሕክምና ነው፤ ሳያውቁ ፈርተው ከመሐል የሚጠፉ አሉ፤ ግንዱ ሳይቆረጥላቸውም ይቀራሉ። ሦስቱን ሳምንት ለመክረም ከሆስፒታሉ ቅርብ ዘመድ ወይም ማረፊያ ያስፈልጋል።

የወሎ ሴቶች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ግንባራቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ቆዳው ሲዞር ንቅሳቱም አብሮ አፍንጫ ላይ ይመጣል። ሰርጅኑ ቀድሞ ካሰበበት ከሌላው የግንባር ጎን ያዞራል። ለዓይን በሽታ ተብሎ በልጅነት ቅንድብ አካባቢ በምላጭ የተበጣ ሰውም ይንገር፤ ደም የሚያመጣው ሥር የሚያልፈው በቅንድቡ ውስጠኛ ጫፍ ስለሆነ እዚያ ያለ ጠባሳ ፍላፑን ደም ሊያሳጣው ይችላል። የፀጉር መነሻው ዝቅ ያለ ሰው አፍንጫው ጫፍ ላይ ፀጉር ሊበቅልበት ይችላል፤ መላጨት ወይም ማሳሳት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ኋላ ከሚገረም ቀድሞ ይስማ።

በማይክሮስኮፕ የሚሰፋው

መንጋጋው የተቆረጠ ወይም ጉንጩ ሙሉ የተበላ ሰው በአቅራቢያው በቂ ሥጋ ላይኖረው ይችላል። ያኔ ከክንድ ወይም ከጭን ሥጋ፣ ከባት ደግሞ አጥንት ከነደም ሥሩ ተቆርጦ ወጥቶ፣ አንገት ላይ ካለ ደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ ይሰፋል። ከባት የሚወሰደው ቀጭኑ አጥንት መንጋጋ ሆኖ ጥርስ እስከ መሸከም ይደርሳል። ውጤቱ የላቀ ነው። ዋጋውም እንዲሁ፤ ብዙ ሰዓት በሰመመን፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየሰዓቱ ቀለሙንና ሙቀቱን የሚያይ ነርስ፣ ደም ቢረጋ ሌሊትም ቢሆን ተመልሶ የሚከፍት ቡድን ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ በሌለበት ሰርጅኑ «ከደረት ጡንቻ እናዙር» ቢላችሁ እንደ ሁለተኛ ደረጃ አትቁጠሩት። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ወፍራም ይሆናል፣ አንገት ላይ እብጠት ይተዋል፣ ግን ደሙ የታመነ ነው። ጠባቂ ከሌለው የተራቀቀ ሥራ ጸንቶ የሚቆም ወፍራም ሥራ ይሻላል።

የሌላ ሰው ፊት መትከልን በአጭሩ ልለፈው። የመጀመሪያው በ2005 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ አሚያን ውስጥ ውሻ ለነከሳት ሴት ተሠራ። የተተከለለት ሰው ሰውነቱ እንዳይተፋው ዕድሜ ልኩን የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳል፤ ይህም ለኢንፌክሽንና ለካንሰር ያጋልጣል። የአክስት ልጃችሁ ቪዲዮውን ይዝጋው።

ሰው ሠራሽ አካል ለማን?

ከሲሊኮን የተሠራ ጆሮ፣ አፍንጫ ወይም የዓይን ጉድጓድ መሸፈኛ በጥሩ ባለሙያ እጅ ከተሠራ ከትክክለኛው ለመለየት ያስቸግራል፤ በኦፕራሲዮን ከተሠራ ጆሮም ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይመስላል። ካንሰር ተቆርጦላቸው ቦታው መታየት ላለበት፣ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ሰመመን ለማይችሉ ሰዎች እመርጠዋለሁ። ለከሚሴ፣ ለባቲና ለኮምቦልቻ ሙቀት ግን ሙጫው ከላብ ጋር አይስማማም፤ ፀሐይም ቀለሙን ያነጣዋል፣ በየጥቂት ዓመቱም ይቀየራል። ሙጫና ምትክ የሚገኘው ከተማ ከሆነ ከላስታ ገደል ማዶ ላለ ገበሬ የሚሆን አይደለም።

ጆሮው ሳይሟላ ለተወለደ ልጅ ወላጆች ይቸኩላሉ። ከጎድን ልም አጥንት ተጠርቦ የሚሠራ ጆሮ ልጁ በቂ ልም አጥንት እስኪያበጅ፣ በአብዛኛው እስከ 8 ወይም 10 ዓመቱ ይጠበቃል፤ ከአንድ በላይ ኦፕራሲዮንም አለው። የማይጠበቀው የመስማት ምርመራ ነው። ቅርጹ ቢሠራ መስማቱ አይከፈትም፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ከንፈርና ላንቃ፦ እዚህ መጠበቅ ይጎዳል

ከላይ ካየናቸው ሁሉ አማራጩ የጠራው ይህ ነው። ተሰንጥቆ የተወለደ ከንፈር ልጁ ከሦስት ወር በኋላ ይሰፋል። ሐኪሞች ለማስታወስ የሚጠቀሙበት የቆየ መለኪያ 10 ሳምንት፣ 4.5 ኪሎ ገደማ እና 10 ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያው) ነው። ላንቃው ደግሞ ንግግር ሳይጀመር፣ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢዘጋ ይመረጣል። ከንፈር በ40 ዓመትም ቢሰፋ ያምራል። ላንቃ ዘግይቶ ሲዘጋ ግን ምግቡ በአፍንጫ መውጣቱን ያቆማል እንጂ ለዓመታት የተለመደው የንግግር አወጣጥ አብሮ አይስተካከልም። አንዱን ብቻ የማስቀደም አቅም ካላችሁ፣ የሰው ዓይን የሚያየው ከንፈሩን ነው ብላችሁ ላንቃውን አትርሱት።

እስከዚያ ሕፃኑን ቀና አድርጎ፣ የታለበ የእናት ጡት በማንኪያ ወይም በስኒ ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። ኪሎው ካልጨመረ ቀጠሮው ይገፋል። ስማይል ትሬን የተባለው ድርጅት በአገር ውስጥ ሐኪሞች እጅ የሚሠራውን የከንፈርና የላንቃ ጥገና በነጻ ያግዛል፤ ለዚህ ኦፕራሲዮን በሬ የሚሸጥ ቤተሰብ መኖር የለበትም።

የቃጠሎና የቁስል ጠባሳ፦ መቁረጥ ወይስ መታገስ?

ጎረቤት «ጠብቅ» ያለው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። አዲስ ጠባሳ ቀይ፣ ደረቅና የሚያሳክክ ነው፤ እስኪበርድ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ በቅባት ማሸት፣ የሲሊኮን ሽፋን፣ ከፀሐይ የሚከልል ባርኔጣ ወይም ሻሽ ብዙ ይለውጡታል። ከጠባሳው ድንበር አልፎ የሚያድግ ኬሎይድ ከሆነ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ያባብሰዋል፤ ተመልሶ የሚያድገው ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ተልቆ ነው። ጠባሳው ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት ይቀድማል ወይም ከመቁረጡ ጋር ይጣመራል። መታገስ የማይሠራው ጠባሳው ዓይን እንዳይከደን፣ አፍ እንዳይከፈት ወይም አገጭ ከደረት እንዲጣበቅ ሲያደርግ ነው። ያ ሳይበርድም ይፈታል።

ደሴ፣ አዲስ አበባ ወይስ ዘመቻ?

ተሰፍቶ የሚያልቅ ቁስል፣ ትንሽ ግራፍትና የመንጋጋ ስብራት ባለሙያው ካለ ደሴ ላይ ቢሠራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለፋሻ ቅየራ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አትጓዙም፣ አስታማሚም እርሻውን ትቶ አይከርምም። አስቸጋሪው ግንባርን የሚያዞረው፣ የኖማውና የሰፊ ቃጠሎው ነው። ለቃጠሎና ለፕላስቲክ ሰርጀሪ የካቲት 12፣ ከሥጋ ደዌ ሥራው ተነስቶ ያደገው አለርት፣ ለልጆች ደግሞ ኪዩር ሆስፒታል አዲስ አበባ ይገኛሉ። ፕሮጀክት ሐረር የተባለው ድርጅትም ፊታቸው የተጎዳ የገጠር ሰዎችን ከሕክምና ጋር ያገናኛል።

የውጭ ሐኪሞች ቡድን በዘመቻ መጣ ሲባል ሰው ይጎርፋል። ሥራቸው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ጥያቄው እነሱ ሲሄዱ የሚመጣው ነው። ሁለት ደረጃ ያለው ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለተኛውን ማን ይሠራዋል? ቁስሉ ቢመረቅዝ የሚከፍተው የትኛው ሐኪም ነው? ስሙ የሚነገር የአገር ውስጥ ሐኪም ካልተጠቀሰላችሁ አንድ ደረጃ ብቻ ያለውን አማራጭ ያዙ።

ሲጋራና ሺሻ ኒኮቲናቸው ቀጫጭን ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ፍላፕ ይገድላሉ፤ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁሙ። ጫትም ደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ ምግብ ያስጠላል፤ ቁስል ደግሞ የሚድነው በእንቁላል፣ በምስርና በወተት ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ወይም ረመዳን ከሆነ ንስሐ አባታችሁን ወይም ሸኻችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ በሁለቱም ዘንድ ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ።

ስትሄዱ መታወቂያ፣ የመድን ደብተር፣ ሪፈር፣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው፣ ከጉዳቱ በፊት የተነሳ ፎቶም ካለ ያዙ፤ ለሠርግ የተነሳ ቢሆንም ይጠቅማል፣ ሰርጅኑ የድሮውን አፍንጫና ከንፈር ከእሱ ላይ ይለካል። ኦፕራሲዮኑ እንዳለቀ በመጀመሪያው ቀን፣ በመስኮት ብርሃን፣ የፍላፑን ፎቶ በስልክ አንሱ። በጠይም ቆዳ ላይ የደም መቋረጥ እንደ ነጭ ቆዳ ፈጥኖ አይታይም፤ የሚያጋልጠው ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ ጋር ማስተያየት ነው። ፍላፑ ከዚያ ይልቅ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ሲነኩት ከጎኑ ካለው ቆዳ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ድንገት ካበጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ቀስቅሱ፤ ቤት ከገባችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ በሪፈሩ ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ደውላችሁ በዚያው ሌሊት ተነሱ።